ዝዋይ ላይ ያሸነፈኝ ካሴት

ትምህርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሰልጣኝ የተባለው ማንበብ የማይችል ሰው ነው። የተደረገብኝ ይህ ነው።

ከናዝሬት ወጣ ብሎ በነበረ ቆዳ ፋብሪካ፣ ፀጉሩ እንዲለቅ ቆዳው በኖራ የሚዘፈዘፍበት ገንዳ ላይ ነበር የምሠራው። ጎማ ቦቲ ብታደርግም ኖራው እግርህን አይምርም፤ የኔ ጣቶች ተልጠው አያውቁም ማለት ውሸት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ በቀበሌው አዳራሽ ነው። የገንዳ ጓደኛዬም አብሮኝ ጀምሮ ነበር። «ሀ ሁ» ላይ ሲያዛጋ ከርሞ ተወው። እኔ ተፈትኜ የምስክር ወረቀት ወሰድኩ። እሱ ግን አፉን ሲከፍት ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይሰማዋል። በአማርኛም በኦሮምኛም ያው ነው። ቀናህ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ከድሮም እቀናበት ነበር።

ከመቂ፣ ከዝዋይና ከሻሸመኔ የሚላክልን ቆዳ በቢላዋ ተበጣጥቶ፣ ጨው ሳይጠግብ ሸቶ ይደርስ ነበር። ሥራ አስኪያጁ፣ «አራጁን ሁሉ እዚህ ጠርተን አንችለውም፤ ትምህርቱ ራሱ ይሂድላቸው» አሉ። በምን ይሂድ? ያለው ሁለት ነገር ነው፤ የቢሮው የስቴንስል ማባዣና የሠራተኛ ማኅበሩ ቴፕ። ሁለቱም ዝዋይ ላይ ይሞከራሉ፤ በተመረጠው መሣሪያ ትምህርቱን የሚያዘጋጀው ሰው ከገንዳው ወጥቶ አሰልጣኝ ይሆናል ተባለ። እግሬ ሊድን ነው አልኩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ ስቴንስሉ ላይ ስትመታ፣

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ‹ቢላዋ› ሦስት ጊዜ ደጋግመውታል» አለችኝ።

«ሦስት ጊዜ ስለሚበጡት ነው። ምቺው!»

ወረቀቱ ተባዝቶ ሲያልቅ የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ ለምኜ በእያንዳንዱ ላይ ክብ ማኅተም አስመታሁበት። ያለ ማኅተም ወረቀት ምን ክብር አለው ብዬ ነው።

በዚያው ሰሞን ጓደኛዬ በምሳ ሰዓት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ወንድሜ፣ እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። «ድገመው።» ደገምኩት። «ውይ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው! አንዴ ብቻ!» ደስ ብሎኝ ሦስተኛም አነበብኩለት። ዳቦዬን እየበላ፣ ካሴት ላይ ሊቀዳው በቃሉ ይይዝ ኖሯል።

ዝዋይ መጋዘኑ በር ላይ አራጆችና ቆዳ ሰብሳቢዎች ተሰበሰቡ። መጀመሪያ የኔን ወረቀት አደልኩ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠርገው ተቀበሉኝና ማኅተሙን ትክ ብለው አዩት።

«ይሄ የስንት ብር መዋጮ ነው?»

«መዋጮ አይደለም አባቴ፣ ትምህርት ነው።»

«ማኅተሙስ?»

«እንዲከበር ነው።»

ከኋላ አንዱ፣ «ልጄን ለውትድርና የሚጠራ እንዳይሆን!» አለና ወረቀቱን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «አላገኘሁትም በልልኝ።» ሌሎቹ አራት ቦታ አጥፈው ከቀበሌ መታወቂያቸው ጋር ኪሳቸው ከተቱት። አንብቡ እንጂ ብዬ ብጮህ ማን ሊነካው! የቆዳ ብጣት ከመንገድ ማዶ የሚለይ ሰው «ዓይኔ አያይም» አለኝ።

ከዚያ ጓደኛዬ ቴፑን የጨው ጆንያ ላይ አስቀምጦ ቁልፉን ተጫነ። «አካም ጂርቱ!» ብሎ ካሴቱ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ። ሰዎቹ በአንድ አፍ «ነጋ!» ብለው መለሱለት። ለካሴት! ቀጥሎ የኔ ቃል ወጣ። «ሆዱን ከሰነጠቅክ በኋላ ቢላዋህን አስቀምጥ፤ የቀረውን ቆዳ ማላቀቅ የቡጢ ሥራ ነው።» በአማርኛ ይለዋል፣ ወዲያው በኦሮምኛ ይደግመዋል። መሀል ላይ ባትሪ ድንጋዩ ደከመና ድምፁ እንደ በሬ ወፈረ። «ጠጅ አግኝቶ ነው!» እያሉ ሳቁ፤ ባትሪው ተቀይሮ እንደገና ይሰማልን አሉ። ሽማግሌው በቡጢያቸው አየሩን ይደቁሱ ጀመር። በግ ታረደ፤ ሌጦው ያለ አንዲት ብጣት ወጣ።

«ቃሉ የኔ ነው!» አልኩ።

ሽማግሌው ዞረው አዩኝ። «ታዲያ ስትመጣ ለምን አልነገርከንም? ወረቀት ሰጥተኸን ዝም አልክ።»

ናዝሬት ስንመለስ አቤቱታ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ አስጠሩኝ።

«ቴፑ ተመርጧል። አንተ ጻፍለት፣ እሱ ይናገር።»

«ከገንዳው እወጣለሁ?»

«ለጽሑፍ የሥራ መደብ የለንም። ከሥራ ሰዓት ውጭ ትጽፋለህ።»

«አልጽፍም» አልኩ።

ጓደኛዬም መጣ። «ወንድሜ፣ አብረን እንሥራ። ያላንተ እኔ ምን አለኝ?» ከልቡ ነበር። ይበልጥ ያንገበገበኝ ይሄው ነው፤ ቢያሾፍብኝ ይቀለኝ ነበር። «ድምፅህ አለልህ፣ እሱን ብላ» ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት።

የሁለተኛውን ትምህርት ጽሑፍ ጸሐፊዋ አዘጋጅታ አነበበችለት። እኔ ማመልከቻ በማመልከቻ ላይ ጨመርኩ፣ ማኅበሩም ዘንድ አቤት አልኩ። በመጨረሻ የሱ የአሰልጣኝነት ደብዳቤ ሲወጣ የኔ አቤቱታም ግርጌው ላይ «ተቀባይነት የለውም» ተብሎበት ተመለሰልኝ። ሁለቱም ላይ ያለው ቀን አንድ ነው፤ ሰኔ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.።