በሹክሹክታ የተጠና ፊደል

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሰበታ ውስጥ የኦቦ ገመዳ ግቢ የኪራይ ክፍሎች ፈረሱ። ኦቦ ገመዳ ካረፉ ቆይተዋል፤ ክፍሎቹን ያስፈረሱት ልጆቻቸው ናቸው፣ ፎቅ ሊሠሩበት። እኔ ለዘገባ ሥራ ወደ ጅማ መንገድ እየወጣሁ ነበር። እህቴ አስቴር ደውላ “ቤታችንን እያፈረሱት ነው አሉ፤ ካለፍሽ እይው” ስላለችኝ መኪናውን አስቁሜ ገባሁ።

ከጫፍ ያለችው የእኛ ክፍል ግድግዳዋ ወድቋል፤ ወለሏ ግን እንዳለ አለ። ፀሐይ ሲያርፍበት አንድ ምንጣፍ አያህልም። አካፋውን የተደገፈ ሠራተኛ ቆሜ ስቀር አይቶ “የጠፋብሽ ነገር አለ እህቴ?” አለኝ።

“የለም። እዚህ እንኖር ነበር።”

“ስንት ሆናችሁ?”

“አምስት። አባወራው ሲመጣ ስድስት።”

ወለሉን አየና “ታዲያ ቆማችሁ ነበር የምታድሩት?” አለ። ሳቅኩ። እውነትም ማታ ማታ አንዱ እግሩን ሲዘረጋ የሌላው ሆድ ላይ ነበር የሚያርፈው።

አስቴርና ባሏ ጴጥሮስ ከሆሳዕና በኩል ለሥራ የመጡ ናቸው። እሷ ብስኩት ፋብሪካ ትሠራለች፤ እሱ ግንበኛ ነው፣ ያን ጊዜ ሥራው ሱሉልታ ነበር። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። አቤኔዘር ሦስተኛ ክፍል፣ ምሕረት አንደኛ ክፍል፣ ናታን ገና አራት ዓመቱ። እኔ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ።

የ2008 ዓ.ም. በጋ ነው። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች በአንድ ላይ ያቅዳል የተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስነሥቷል። ገበሬው መሬቴን ሊወስዱት ነው አለ፤ ተማሪው አደባባይ ወጣ፤ ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን በድንጋይ ይዘጋል። ዩኒቨርሲቲያችን ተበትኖ ከአምቦ መስመር የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቡራዩ ላይ “ከዚህ አያልፍም” ብሎ አወረደን። ሻንጣዬን ተሸክሜ፣ ግማሹን በእግሬ ግማሹን ባገኘሁት መኪና፣ በአዲስ አበባ ዞሬ ሰበታ ገባሁ። ጤፍ የሚወቃበት ወቅት ስለነበር በየአውድማው ገለባ ይነሣል፤ ከሩቅ ለሚያየው ሁሉም ሰላም ይመስላል። ጴጥሮስ ሱሉልታ ቀርቷል፤ የሚመጣበት መኪና አልነበረም።

የሰበታ ትምህርት ቤቶች በተማሪው አድማ የተነሣ ከታኅሣሥ ጀምሮ አንድ ሳምንት ከፍተው ሁለት ሳምንት ይዘጉ ነበር። በደረስኩ በማግስቱ አስቴር የሥራ ልብሷን እየለበሰች፣ “አንቺ ቁጭ ብለሽ ከምትውዪ አስተምሪልኝ” አለች። “አቤኔዘርስ ያነባል። ምሕረት ግን ፊደል ሳትለይ ዓመቱ ሊያልፍባት ነው። ይቺ ልጅ እንደ እኔ እንድትሆን አልፈልግም።” አስቴር ትምህርት ያቆመችው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ማስታወቂያ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ሲያያት ትታ ትሄዳለች።

ክፍሏ የጭቃ ቤት ናት። ነፋስ እንዳያስገባ ግድግዳዋ በአሮጌ ጋዜጣ ተለጥፏል። አልጋው በብሎኬት ከፍ ብሏል፤ ሥሩ ጆንያና ልብስ ይገባበታል። በሩ አጠገብ የውኃ ጀሪካኖች፣ ከእነሱ ቀጥሎ የከሰል ምድጃ አለ። አስቴር ስትወጣ የመሬቱን ፍራሽ እንጠቀልልና ትምህርት ቤት እንከፍታለን። ሦስተኛ ክፍል አልጋው ላይ፣ አንደኛ ክፍል ጀሪካኑ ላይ፣ ኬጂ አልጋው ሥር። ሰሌዳችን የቆርቆሮው በር ጀርባ ነበር። ሰው በገባ ቁጥር ትምህርቱ አብሮ ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። በትምህርት ሰዓት “ሚስ” ይሉኛል፤ እረፍት ሲሆን ደግሞ ማርታ ነኝ። እረፍት ማለት ከደፉ ወጥቶ መመለስ ነው። ሽልማቱ አስቴር ከፋብሪካ የምታመጣው የብስኩት ስብርባሪ ነበር፤ ቆጮው ከአገር ቤት መምጣት ካቆመ ወዲህ ከሽሮ ሌላ የነበረን ምግብ እሱ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን እንደማንኛውም ሰው ጀመርን። ፊደል በጩኸት ነው የሚጠናው፤ እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው። ጥቂት እንደቆየን በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ገመዳ ናቸው። የግቢው ባለቤት፣ ከድሮም እዚያው የኖሩ ገበሬ።

“አከም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ። ጎበዞች፣ ተማሩ” አሉና ከደፉ ላይ ቁጢጥ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ግን ልጄ፣ ሱታ። በቀስታ። ከመንገዱ ማዶ ልጅ ቀብረው የተቀመጡ ሰዎች አሉ። ልጃቸው ትምህርት ይቁም ብሎ ነው የሞተው። የእናንተን ሀሁ ሲሰሙ ምን ይላሉ? በዚህ በኩል ደግሞ ወታደሩ ድምፅ ከበዛበት ስብሰባ ነው ይላል። ይማሩ፤ ድምፁ ግን ከበሩ አይለፍ።”

“እሺ ኦቦ። እርስዎ እንዳሉ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሹክሹክታ ማስተማር ጀመርን።

ይህ ቀላል ይመስላል። የማያምን ይሞክረው፤ በሹክሹክታ “ዘ” ቢል “ሰ” ይሆንበታል። “ደ” “ተ”ን ትመስላለች፣ “ገ” ደግሞ “ከ”ን። የእነዚህ ፊደላት ልዩነት ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ ሹክሹክታ ደግሞ ጉሮሮን ዝም ያሰኛል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አቤኔዘር ፊደሉን አስቀድሞ ስለሚያውቅ አልቸገረውም። ምሕረት ግን ቃል ሳስጽፋት ዘይትን “ሰይት”፣ ዳቦን “ታቦ”፣ ገበያን “ከበያ” ብላ ትጽፋለች። የሰማችውን ነበር የምትጽፈው። የምትወዳቸው “ጠ”ን፣ “ጨ”ን እና “ቀ”ን ነበር፤ እነሱ በሹክሹክታም ስለሚፈነዱ።

የኦቦ ገመዳ ታናሽ ልጅ ቶሎሳ አሥረኛ ክፍል ነበር። በዚያ ሰሞን ወታደር እንዳይዘው አባቱ እየፈሩለት የሚያድረውም የሚደበቀውም ከግቢው ጀርባ የገለባው ክምር ሥር ነው። ቀን ቀን በራችን ላይ ይቆምና ይለክፈኛል።

“ቲቸር፣ አድማ ሰባሪ። አልጋ ሥር ኬጂ የከፈተ ሰው ዛሬ አየሁ።”

“አንተን የሚያስተምር ጠፋ እንጂ።”

“እኔ እኮ እየታገልኩ ነው።”

“ገለባ ውስጥ ተኝተህ?”

“ገለባው ነዋ የሚታገለኝ” አለና ጆሮውን አከከ። ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ የሚሰጠን እሱ ነው። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው “ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሥራ ፈትቶ አገኘሁት” አለ። ምሕረት ትወደው ነበር። ከብስኩቷ ቆርሳ ታስቀምጥለታለች።

ለ“ዘ” መላ የመታነው በትራስ ነው። ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራ እንድትጮህ፣ እጇንም ጉሮሮዋ ላይ እንድታደርግ ነገርኳት። “ሰ” ስትል ጉሮሮ ዝም ይላል፤ “ዘ” ስትል ይንቀጠቀጣል። ለቀናት ትራሱ ውስጥ ጮኸች። ሲንቀጠቀጥ የሚሰማት አንዳንዴ ነው፣ አንዳንዴ አይሰማትም።

በጥር አንድ ጠዋት፣ አራት ሰዓት አካባቢ፣ በሩ ላይ ከ“ዘ” እስከ “ዞ” ጽፌ ነበር። ምሕረት ከትራሱ ቀና አለች። እጇ ጉሮሮዋ ላይ ነው። “ዘ!” አለች፣ በሙሉ ድምፅዋ። “ዘ ነው! ሚስ፣ ዘ!” እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። አቤኔዘር አፏን ሊይዝ ዘለለ። ወዲያው የግቢው የቆርቆሮ አጥር በር በኃይል ተመታ።

ሁለት ወታደሮች በራችን ላይ ቆሙ። ፊደሉ ከበሩ ጋር ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አንደኛው ወጣት ነው፣ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ክፍሏን አየ፣ አልጋው ሥር ናታንን አየ።

“አሁን የጮኸው ማነው?” አለ።

“ልጅ ናት” አልኩ። “ፊደል እያጠናች ነው።”

ምሕረትን አየና ፈገግ አለ። “ጎበዝ” አላት። ከዚያ ሁለቱም ወደ ጓሮ ዞሩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቶሎሳን ከገለባው አውጥተው፣ እጁን ወደ ኋላ ይዘው፣ በበራችን ፊት አሳለፉት። ፀጉሩ ላይ ገለባ ነበር። ኦቦ ገመዳ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እስከ መንገዱ ተከተሉ። ሲመለሱ ኮፍያው እዚያው እጃቸው ላይ ነበር።

ምሕረት አልጋው ሥር ገባች። እስከ ማታ አልወጣችም።

በማግስቱ ወጥቼ በሰፈሩ እየዞርኩ ጠየቅኩ። በኋላ ሥራዬ የሆነውን ነገር የጀመርኩት ያን ቀን ነው፣ ያኔ ግን ስም አልነበረውም። ወታደሮቹ በየትኛው በኩል መጡ? መጀመሪያ የገቡት የማን ቤት ነው? የተያዘ ሌላ አለ? ከአስፋልቱ ጥግ ያለች ባለ ሱቅ ሱቋን ስትከፍት እንደደረሱባት ነገረችኝ፤ ይህ ምሕረት ከመጮኋ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ከእሷ ጀምረው በየግቢው እየገቡ ነው ወደ እኛ የወረዱት። ከላይ ካሉት ቤቶችም ልጆች ተይዘዋል። ይፈልጉ የነበረው ወጣት ወንድ እንጂ ድምፅ አልነበረም። ከአንድ ሰው በላይ የነገረኝን ብቻ ያዝኩ።

ተመልሼ አልጋው ሥር አጎንብሼ ሁሉንም ነገርኳት። ከላይ ነው የመጡት፣ ሁሉም ቤት ገብተዋል፣ አንቺ ሳትጮሂ በፊት መንገድ ላይ ነበሩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ፤

“እዚያም ቤት ልጅ ጮኾ ነው?”

በዚያው ጥር ማስተር ፕላኑ መቅረቱ በሬዲዮ ተነገረ፤ መንገዱ ግን ያኔም አልረጋም። ትምህርት ቤቱ የካቲት ላይ ሲከፈት ምሕረትን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ክፍሉ ሞልቷል፤ አግዳሚ ያልደረሳቸው ልጆች መሬት ተቀምጠዋል። መምህርቷ የደከማት ሴት ናት፣ ክፉ አልነበረችም። ምሕረትን አስነሥታ ሰሌዳውን አንብቢ አለቻት። ምሕረት መጀመሪያ በሩን አየች። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ልጆቹ ሳቁ።

“አንብባለች እኮ” አልኩ።

“ምን ብላ?”

“ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነው። ጠጋ ብለው ይስሟት።”

“እህት፣ እነዚህን ሁሉ ታያቸዋለሽ? የእያንዳንዱን ትንፋሽ የማዳምጥበት ጆሮ ከየት ላምጣ?” ቢሆንም ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠቻት። በዚያው ቅጽበት ከጎን ክፍል “ሀ ሁ ሂ” የሚል ጩኸት በግድግዳው አልፎ መጣ። መምህርቷ ቀና አለች። “ምንም አልሰማሁም። ጽሑፏንም አየሁት፤ ዘይትን ‘ሰይት’ ነው የምትለው።”

ልዩነቱን ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ታውቀው ነበር። “ዘ”ን ትታ የጻፈችው አውቃ ይሁን ጠፍቶባት፣ ያኔም ሆነ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም።

አስቴር ቤት ውስጥ በልመናም በቁጣም ሞከረች። “ጮኸሽ አንብቢ በቃ፤ ማንም የለም” ትላታለች። ልጅቷ በሩን ታያለች። በሰኔ “አንደኛ ክፍል ትድገም” ተባለ። አስቴር ዜናውን ስትሰማ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠች።

ቶሎሳ የተፈታው ክረምቱ ሲገባ ነው። ከስቶ ነበር፤ ጭንቅላቱ ተላጭቷል። አባቱ ቤት ሳይገባ ወደ እኛ በር መጣ። ለእኔ “ቲቸር” ብቻ አለኝ። ምሕረት ፊት ቁጢጥ አለ።

“ይኸው መጣሁ። ምንም አልሆንኩም። በሰው ነው የተጠቆምኩት፣ በአንቺ አይደለም። እስቲ ጮክ ብለሽ በስሜ ጥሪኝ።”

ምሕረት አጥሩን አየች። ከዚያ ትንሿን መዳፏን ዘርግታ የእሱን አፍ ያዘች። ቶሎሳ እጇን አላነሣም። እስክትለቀው ጠበቃት።

እነዚህን ሁሉ ዓመታት በዘገባ ሥራ ኖሬያለሁ። የሰው ሞት፣ የቤት መፍረስ፣ የስብሰባ ውሳኔ ጽፌያለሁ። አለቆቼ ረጋ ያልሽ ነሽ፣ ያላጣራሽውን አትጽፊም ይሉኛል። ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ዘገባዬም የተጣራ ነበር፤ ሰዓቱም፣ ምንጩም፣ ቅደም ተከተሉም። አንድ ሰሚ ነበረው፣ እሷም የሰባት ዓመት ልጅ ናት። አላመነችኝም። እውነት ከተገኘ ሰው ይድናል ብለው ለሚያስቡ አዳዲስ ዘጋቢዎች ምን እንደምነግራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቶሎሳ ሐሙስ ዕለት አልነበረም፤ ዱከም እንደሚሠራ እህቱ ነገረችኝ። ምሕረት ትምህርት ያቆመችው አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። አሁን እዚያው ሰበታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር መፍተያ ክፍል ትሠራለች። ከፈረሰው ቤት ወጥቼ ወደዚያ አለፍኩ፤ አስፈቅጄ ገባሁ። የፈረቃ ኃላፊዋ ስለ እሷ ስጠይቃት “ጥሩ ልጅ ናት፣ ድምፅ የላትም” አለችኝ። ማሽኖቹ በጣም ስለሚጮሁ በዚያ ክፍል ሠራተኞቹ ሁሉ የሚነጋገሩት በእጅ ምልክት ነው።