የሸህ ሙሄዲን ሎህ

ትህትና ወንድምአገኘሁ የደሴ፣ የሆጤ ሰፈር ልጅ ናት፤ ሥራዋ ዕቃ መዋስ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ከሰው ቤት የቆየ ዕቃ ትዋሳለች፣ ለጥቂት ሳምንታት አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ ታሳያለች፣ ከዚያ አሽጋ ወደሚቀጥለው ከተማ ትወስደዋለች፣ በመጨረሻም ለባለቤቱ ትመልሳለች። ተዘዋዋሪ ዐውደ ርዕይ ማዘጋጀት ማለት ይህ ነው። ሙዚየም የራሱ ቤትና የራሱ ዕቃ አለው። ተዘዋዋሪው ግን አዳራሹም የተውሶ፣ ዕቃውም የተውሶ ነው። የራሱ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ትመልሰዋለች” የሚል የሰው እምነት።

ዘንድሮ የመረጠችው ርዕስ የድሮ ተማሪ ዕቃ ነበር። የቄስ ተማሪ አኩፋዳ፣ የቀለም ቀንድ፣ በእጅ ብዛት የወዛ የፊደል ገበታ፣ ደረሳ ተቀምጦበት ያለቀ ቁርበት። ደሴ ውስጥ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ባለ አዳራሽ፣ ሦስት ሳምንት ታየ። ቀጥሎ ተራው የኮምቦልቻ ነበር።

ከሁሉም ሰው ቆሞ የሚያየው አንድ ሎህ ነበር። ሎህ፣ ደረሳ የሚባለው የእስልምና ተማሪ ቂርአቱን፣ ማለት የቁርአን ንባቡን፣ የሚማርበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። አሠራሩን ያወቀ ሰው መውደዱ አይቀርም። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ ይበጠበጣል፣ ብዕሩ ከሸምበቆ ይቀረጻል። ተማሪው የዕለቱን ትምህርት ይጽፍበታል፤ በቃሉ ይዞ ለመምህሩ ሳያይ እያሰማ ሲወጣው ሎሁ ይታጠብና ሌላ ትምህርት ይጻፍበታል። አንድ ሰሌዳ በዚህ መንገድ መቶ ጊዜ ይጻፋል፣ መቶ ጊዜ ይታጠባል። ስለዚህ ጽሑፉ እንደተጻፈ የቆየ አሮጌ ሎህ ማግኘት ብርቅ ነው። ይኸኛው ግን ለአሥራ አንድ ዓመት አልታጠበም።

ባለቤቱ የገራዶው ሸህ ሙሄዲን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቂርአት ያስተማሩ። ሎሁ የልጃቸው የሀፊዝ ነበር። ሀፊዝ አንድ ረቡዕ የመጨረሻ ትምህርቱን ጻፈበት፣ ሐሙስ ታመመ፣ ሳይወጣው ሞተ። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። በቃል ያልተወጣ ሎህ ደግሞ አይታጠብም። አባትየው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፣ እዚያው ቀረ።

ትህትና ልትዋስ የሄደች ዕለት ውል የተጻፈበትን ወረቀት ስታወጣ በእጃቸው መለሱት።

“ወረቀትሽን ለራስሽ ያዥው። ይህ አማና ነው። የምትመልሽበትን ቀን ንገሪኝና በራስሽ እጅ ታመጪዋለሽ።”

“ሰኔ አምስት ሸህ ሙሄዲን። በራሴ እጅ።”

“ክርስቲያን ነሽ አይደል?”

“አዎ።”

“ግማሽ ዘመዶቼ እንዳንቺ ናቸው። ግማሾቹ እንደኔ። የሚያስቸግሩኝ እንደኔ ያሉት ናቸው።”

አማና ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያውቀው ቃል ነው። አደራ ነው፤ በላው እንጂ ጠፋበት አይባልለትም፣ ያጎደለ ሰው ምክንያቱን የሚሰማው የለም። የሸህ ሙሄዲንን ቃል ሰምተው የገራዶ አራት ቤተሰቦች ዕቃቸውን ሰጡ። እሳቸው “መልሺ” ካሉ አራቱም ይላሉ፤ ዐውደ ርዕዩም ያበቃለታል። ትህትና ይህን ታውቃለች። ከዚህ ይልቅ ግን የምትፈራው ሌላ ነገር ነበር፤ የሀፊዝ የእጅ ጽሑፍ ከዚያ እንጨት በቀር የትም የለም።

ስለዚህ ተጠነቀቀች፤ ጥንቃቄዋም የሚደነቅ ነበር። ለእያንዳንዱ ዕቃ አሥራ አራት ጥያቄ ያለው ቅጽ አላት። ስንጥቅ አለ ወይ፣ ነቀዝ አለ ወይ፣ ሻጋታ፣ የቀለም መደብዘዝ እያለ ይቀጥላል። ዕቃው ከቤቱ ሲወጣ ትሞላዋለች፣ ከተማ በቀየረ ቁጥር ዕቃውን ከቅጹ ጋር እንደገና ታመሳክራለች። ሎሁን ከስድስት አቅጣጫ ፎቶ አነሳችው። ሣጥኑን የሠራው አናጺው አቤ ነው፤ ከአምስት ዓመት ጀምሮ አብሯት ይዞራል።

ከደሴ ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ ለእንጨት ግን ሩቅ አገር ነው። የደሴው ብርድና ጉም ውስጥ የኖረ ሰሌዳ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ሙቀት ውስጥ ይገባል። እንጨት ደግሞ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ በድንገት ከደረቀ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሣጥኑን ሳይከፍቱ አንድ ቀን ማቆየት፣ ሙቀቱ ቀስ ብሎ እንዲገባ። አቤ ሁልጊዜ በዚህ ይቀልዳል። “ሣጥኑ መንገድ ደክሞታል፣ ይተኛ” ይላል።

ሐሙስ ደረሱ፣ ዓርብ ከሰዓት ከፈቱት። አንዲት ስንጥቅ አልነበረም። ሎሁ የሚታይበት የመስታወት ሣጥን ሙጫ ግን ገና አልደረቀም ነበር፤ የእርጥብ ሙጫ ጠረን ለአሮጌ ዕቃ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ሎሁ ለአንድ ሌሊት በጎን ክፍል፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት አደረ። ትህትና በሩ ላይ በትልቁ “አትንኩ” ብላ ለጠፈችና ቆለፈችው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ክፍት ነበር። ጨርቁ አለ፣ ሎሁ የለም።

አዳራሹን የሚያጸዱት እትዬ ከድጃ ግቢውን እየጠረጉ ነበር። ሁለተኛው ቁልፍ የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው።

“እትዬ ከድጃ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሎህ የታለ?”

“እዚያ ጥላው ላይ። ፀሐይ እንጨት እንደሚሰነጥቅ ሳላውቅ ቀርቼ መሰለሽ?”

ሎሁ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ንጹሕ ነበር። እርጥበቱ ገና ያልለቀቀው ባዶ እንጨት።

“ትናንት ስታስቀምጪው አየሁት” አሉ እትዬ ከድጃ፣ መጥረጊያቸውን አስደግፈው። “የቆየ ጽሑፍ፣ ሰው በሚመላለስበት፣ አቧራ ጠጥቶ። እንግዳ ሊመጣ እንዲህ ይታያል ወይ ብዬ ከሱብሒ ሶላት በኋላ መጥቼ አጠብሁት። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ገረጣ?”

“በሩ ላይ ‘አትንኩ’ ብዬ ጽፌ ነበር እኮ።”

“እሱን ወረቀት? የናንተን ፊደል መች አውቅና። አባቴ ያስተማሩኝ የሎሁን ነው።”

ከአሥራ አራቱ ጥያቄዎች አንዱም ይህን አልጠየቀም። ትህትና ሙቀቱን፣ ብርሃኑን፣ ነቀዙን፣ ሌባውን አስባለች። የምታውቅ፣ የምታከብር ሴት በቅን ልብ ውሃ ይዛ ትመጣለች ብላ አላሰበችም። የሎሁን ጽሑፍ ማንበብ የሚችሉት ሴት ወረቀቱን ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን የጻፈችው ደግሞ ሎሁን ማንበብ አትችልም።

ስልኳ ጠራ። ሸህ ሙሄዲን ነበሩ። “ደሴ ገብቻለሁ፣ አሁን የኮምቦልቻ መኪና ልይዝ ነው። ልጄን ላየው እመጣለሁ” አሉና ዘጉት።

አቤ ነገሩን ሲሰማ ሎሁን አገላብጦ አየው።

“ፎቶው አለሽ አይደል?”

“አለኝ።”

“መስመሩ ሁሉ ይታያል?”

“ይታያል።”

“እንግዲያው ከመስጊዱ ጀርባ ጀላል የሚባል አለ፣ እጁ የሚያምር። በአንድ ሰዓት ገልብጦ ይጽፈዋል። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፣ የሚያዩትም በመስታወት ነው።”

“ከልብህ ነው አቤ?”

“ከሆዴ ነው። ቁርስ አልበላሁም፤ የተራበ ሰው ብልሃት ይመጣለታል።”

ወዲያው እምቢ አላለችም። ፎቶውን ከፍታ አጎላችው። አራተኛው መስመር ላይ ብዕሩ ቀለም አብዝቶ አንዲት ፊደል ወፍራለች፤ መጨረሻው ላይ ቦታ አንሶት ጽሑፉ ወደ ላይ ታጥፏል። ጀላል ጎበዝ ከሆነ ይህንንም ይገለብጣል። አራት ሰዓት ሊሞላ ነው፣ መኪናው ሞልቶ ሽማግሌው እስኪደርሱ ከአንድ ሰዓት በላይ አለ፣ መክፈቻውም ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ይቻላል። የሚያስፈራውም መቻሉ ነበር።

ከዚያ በልማዷ ቅጹን አወጣች። በየከተማው የምትሞላው ዓምድ ባዶውን ይጠብቃታል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ጽሑፍ ነው። የደሴው ዓምድ ላይ “ለውጥ የለም” ይላል። እስክሪብቶውን ይዛ ትንሽ ቆየችና ጻፈች፤ “ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ታጥቧል። ጥበቃውን ያጎደልኩ እኔ ነኝ።” ፈረመችበት።

“በቃ ጨረስሽን” አለ አቤ ከትከሻዋ በላይ እያየ። ስለ ጀላል ግን ደግሞ አላነሳም።

ለእትዬ ከድጃ ሎሁ የማን እንደነበር ነገረቻቸው። ሴትየዋ ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

“ሳይወጣው ነው የሞተው?”

“ሳይወጣው።”

“ቤትዎ ሄደው ይረፉ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ” ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። “ያጠብሁት እኔ፣ የት ነው የምሄድ?” አሉና ተነሥተው ከግድግዳው ሥር፣ ሎሁን ያጠቡበት ውሃ ያለበትን ሰማያዊ ጆግ በንጹሕ ሳህን ከደኑት። የሎህ ውሃ እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ ለበረከት ይጠጣል ወይም ዛፍ ሥር ይፈሳል። ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ስለሆነ እትዬ ከድጃ ውሃውን ወደ ቤት ሊወስዱት አስቀምጠውት ነበር።

ሸህ ሙሄዲን አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ምርኩዛቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ትህትና በር ላይ ጠበቀቻቸው። አንድ ነገር ወስና ነበር፤ ከመቀመጣቸው በፊት ልትነግራቸው፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ልትጨርሰው።

“ሸህ ሙሄዲን፣ ሎሁ ታጥቧል። አማናውን መጠበቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ አልጠበቅሁም።”

ሽማግሌው ወደ ጎን ክፍሉ ገቡ። ወደ ጠረጴዛው የተመለሰውን ሎህ አንሥተው በአውራ ጣታቸው ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት፣ ልክ ዓይነ ስውር ፊት እንደሚዳስስ። አራተኛው መስመር የነበረበት ላይ ጣታቸው ቆመ።

“ማነው ያጠበው?”

“በእኔ ጥፋት...”

“ማነው ነው ያልሁሽ።”

“እኔ ነኝ” አሉ እትዬ ከድጃ ከበሩ። ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። “ከድጃ እባላለሁ። አባቴ እዚሁ ኮምቦልቻ ደረሳ ያስቀሩ ነበር።”

“የደረሳ መምህር ልጅ ሆነሽ ያልተወጣ ሎህ ታጥቢያለሽ?”

“ያልተወጣ አላጠብሁም።”

አቤ መዶሻውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

“ሎህ ሳይወጣ እንደማይታጠብ አባቴ በአለንጋ ነው ያስተማሩኝ” አሉ እትዬ ከድጃ። “ባለቤቱ ወጥቶት ነው የተተወው ወይስ ሳይወጣው፣ አላወቅሁም። አላወቅሁም ብዬ ዝም ብዬ ውሃ አላፈስበትም። ትምህርቱን በልጅነቴ ወጥቼዋለሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ ቀርቼው ነው ውሃ ያስነካሁት።”

“ማን ሰማሽ?”

“ማንም። ብቻዬን ነበርሁ።”

ሸህ ሙሄዲን ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ሎሁን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። ትህትና እጇን ምን እንደምታደርገው ስላላወቀች ጀርባዋ ላይ አጣመረችው። እምቢ ብለው ሎሁን ይዘው ቢወጡ ማንም አይፈርድባቸውም፤ ከኋላቸው አራቱ ቤተሰቦች ይከተላሉ፣ ከስምንት ሰዓት በፊት ግማሹ አዳራሽ ባዶ ይሆናል።

“ተቀመጪ” አሏቸው ለእትዬ ከድጃ። “ቅሪው፣ እኔ ልስማሽ።”

እትዬ ከድጃ መሬት ላይ ተቀመጡና ጀመሩ። ትህትና ቃሉን አታውቀውም፤ የምታየው የሽማግሌውን ጣት ነበር። ጣቱ በባዶው እንጨት ላይ መስመር በመስመር ይወርዳል፣ ጽሑፉ እዚያው እንዳለ ሁሉ። አራተኛው መስመር ላይ ጣቱ ቆመ።

“እዚህ ላይ ሳቢው” አሉ። “አሳጠርሽው።”

እትዬ ከድጃ መልሰው በረጅሙ አሉት። ጣቱ መውረዱን ቀጠለ፣ እስከ ታችኛው ጠርዝ ደረሰ።

ሸህ ሙሄዲን “ተወጥቷል” አሉ፤ ለደረሳዎቻቸው ሲሉት በኖሩት ድምፅ። “ውሃውስ?”

ሰማያዊው ጆግ መጣ። ጥቁር ውሃ፣ ሩቡ ያህል ብቻ። በእጃቸው መዳፍ ቀድተው ጠጡ።

ወደ ትህትና ዞሩ። “አማናዬን አልበላሽም። ግን አልጠበቅሽውም። ሁለቱን ለየብቻ ያዢያቸው።”

“እሺ።”

“ሎሁ ይቆይ። እንደሆነው ይታይ፣ የሆነውንም ጻፊበት። የምትመልሽበትን ቀን አልረሳሽም?”

“ሰኔ አምስት።”

“በራስሽ እጅ።”

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሲከፈት ሎሁ በመስታወት ውስጥ ባዶውን ቆመ። ከሥሩ ያለውን መግለጫ ትህትና እንደገና ጽፋዋለች፤ በፊደልም፣ እትዬ ከድጃ እየነገሯቸው ሸህ ሙሄዲን በጻፉት በሎሁ ፊደልም። ቅጿ ግርጌ ላይ ደግሞ በእርሳስ አሥራ አምስተኛ ጥያቄ ጨመረች፤ “ይህን ዕቃ የሚያውቅ ሰው ሲያየው ምን ያደርገዋል?”

ሸህ ሙሄዲን መክፈቻውን አልጠበቁም። መናኸሪያ ድረስ አቤ ሸኛቸው። ጆጉን በሳህኑ እንደተከደነ ታቅፈው ሚኒባሱ ውስጥ ተቀመጡ።

“አባባ፣ ጆጉን እግርዎ ሥር ያድርጉት፣ ሐረጎ ላይ ይደፋብዎታል” አላቸው ረዳቱ።

“እግር ሥር አይሆንም” አሉ ሸህ ሙሄዲን። “ይህ የሀፊዝ እናት ድርሻ ነው። ሹፌሩን ቀስ በል በለው።”