ሰነፏ ንብ

አቃቂ ስኖር፣ ከልብስ ሰፊዎች በለመንኩት ቁርጥራጭ ጨርቅ የእንስሳት ሥዕል እያጣበቅኩ የልጆች መጽሐፍ አዘጋጅ ነበር። ዋናዋ ባለታሪክ ሌሎቹ ሲለፉ አበባ ላይ ተጋድማ የምታንቀላፋ ንብ ናት። ምርጫ መድረሱን፣ ንብም የገዢው ፓርቲ ምልክት መሆኗን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ!

መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ስገባ ፈታሹ ሥዕሎቹን ከቦርሳዬ አውጥቶ ለሊቀመንበሩ አሳየ።

«አንተ ነህ የሠራሃት?» አሉኝ ንቧን እያገላበጡ።

«አዎ ጋሼ... ለልጆች ነው።»

«እሷ እዚህ ትቆይ። አንተ ሐሙስ ተመለስ።»

እስከ ሐሙስ እህል በአፌ አልዞረም። ማረሚያ ቤቱ እንደሆነ ቅርብ ነው። ሚስቴ ብርድ ልብስ ቋጥራ ሸኘችኝ።

ስደርስ ንቤ እንደተጋደመች ቀበሌው በር ላይ ተለጥፋለች፤ ከሥሯ «ንብን ይምረጡ!» ይላል። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው፣

«ልክ እንደዚችው ሌላ አስር ሥራልን» አሉኝ።