ላምባ የሚጠጣው ፍሪጅ

በደርግ ጊዜ መተማ ላይ ነርስ ሳለሁ፣ የልጆች ክትባት የምናስቀምጥበት ፍሪጅ የሚሠራው በላምባ ነበር። ከሥሩ ሰማያዊ እሳት ይነዳል፣ ከላይ ይበርዳል። በሩ በተከፈተ ቁጥር የገባውን ሙቀት ለማስወጣት ላምባ ይፈጃል። መንገዱ በጦርነቱ ምክንያት አይታመንም፤ የሚመጣው ነዳጅም ቅድሚያ ለጦሩ ነው። ያን ሚያዝያ የክትባቱ ቀን ሳይደርስ ላምባችን ሊያልቅ ተቃረበ። ክትባቱ ከሞቀ ይበላሻል፣ ኩፍኝ ደግሞ በየእርሻው ሰፈር ገብቷል። ስለዚህ ፍሪጁን ቆልፌ ቁልፉን በአንገቴ አሰርሁት። ቢራ ማቀዝቀዝ የለመደውን ሹም እንኳ ከነጠርሙሱ መለስሁት። ጉራዬ አይጣል ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቴ የወታደር ስንቅ በጫነ መኪና ከደጋ መጡ። አገር ቤት "ልጄ በረሃ ላይ በረዶ የሚሠራ ሳጥን አላት" እያሉ ሲያወሩልኝ ከርመዋል። በጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን እየጠረጉ፣

"እስቲ ከዚያ ከሳጥንሽ ውሃ አቅምሺኝ" አሉኝ።

ለሹሙ የዘጋሁትን ለአባቴ ልክፈት? የጽዳት ሠራተኛዋ ቆማ ታየኛለች። ለአባትስ እንዴት ውሃ ይከለከላል? ጨነቀኝና፣

"ተበላሽቷል አባባ" አልሁ።

ከጀሪካን ለብ ያለ ውሃ ቀዳሁላቸው። "ምን ይደረግ፣ ዕቃ ነው" ብለው ጠጡት። ቀና ብዬ ማየት አፈርሁ።

በማግስቱ ገበያ ወጥተው ቆዩ። ሲመለሱ ዚር ተሸክመዋል፤ ሱዳኖች ውሃ የሚያቀዘቅዙበት፣ ከላዩ የሚያዛው የሸክላ ጋን ነው። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል።

"ይኸ ላምባም አይፈልግ። ሳጥንሽ እስቲጠገን በዚህ ጠጪ" አሉና ወደ ውስጥ ገብተው ጥግ ሊያስቀምጡልኝ ጎንበስ አሉ። እንደ ጎነበሱ ቀሩ። ከፍሪጁ ሥር ሰማያዊው እሳት ይነዳል።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ስለ ላምባውም ስለ ኩፍኙም እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው።

"ትናንት ብትነግሪኝ አብሬሽ በሩን እጠብቅ ነበር" አሉ። "እንደ እንግዳ አየሽኝ።"

ዚሩን አንሥተው ወደ በረንዳው አወጡትና አጠገቡ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ያ ሹም ጠርሙሶቹን ይዞ ተመልሶ መጣ። ከውስጥ ሆኜ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

"ተበላሽቷል ጌታዬ። ከዚህ ይጠጡ።"

ክትባቱ ሳይሞቅ ቀኑ ደረሰ፤ ልጆቹም ተከተቡ። ያቺን ከሰዓት ሳስብ ግን አሁንም ፊቴ ይግላል። አባቴ ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ቃሉን የተማሩት ከእኔ ነው።