የነፈግነው አሚን

ከሐይቅ ከተማ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ልጅ ሁሉ የሚሸኘው በአጎቴ ዱዓ ነበር። የገዛ ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ተወስዶ ከቀረ ወዲህ ግን፣ ተማሪውን መርቀው እጃቸውን ሳያወርዱ «ልጄን ያስበላውን አላህ ይንቀለው!» ይሉ ነበር።

ልጃቸውን ጠቁሞ ያስያዘው እዚያው አንድ ዶርም አብሮት ያድር የነበረ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ካድሬ ሆኖ ተመለሰ። አንድ ሽኝት ላይ አፉ እንደለመደው ለእርግማኑም ከእኛ እኩል «አሚን!» ብሎ ክው አለ። አጎቴ ዞር ብለው «እስቲ ድገመው!» አሉት።

ትናንት ለቅሷቸው ላይ መጣ። ያውም ባዶ መደባቸው ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ዘርግቶ «አላህ ይዘንላቸው» አለ። ከቤት ሙሉ ሰው «አሚን» ያለው አልነበረም። ተነስቶ ወጣ። ገና ከደጁ ሳይርቅ ዱዓውን እንደ አዲስ ጀመርነው፤ የጨረስነውም በእሳቸው ቃል ነው። አሚናችንን ሰምቶታል።