ገደሉ ስም ያገኘ ጊዜ

ይቺ መስኮቱ ላይ ያስቀመጥኳት ድንጋይ ዝናብ ሲነካት ዛሬም ያን ገደል ያን ገደል ትሸታለች። ጎኗ ላይ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ታትሞባታል። ጣቴ ባረፈባት ቁጥር ሙሽርነቴ ይመጣብኛል።

የተዳርኩት መርሐቤቴ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ፤ ገና ልጅ ነበርኩ። የባሌ ቤት አፋፉ ላይ ስለነበር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከወንዙ ማዶ መንዝ፣ የእናቴ መንደር፣ ከነቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ያበራል። ማየት እንጂ መሄድ የለም። ወደ እናቴ ቤት የምመለስበትን ምልሴን፣ አንዴ “እህሉ ይግባ”፣ አንዴ “ጾሙ ይውጣ” እያሉ ዓመት አሳለፉት። ብቻዬን ደግሞ ወንዝ አያስወርዱኝም።

ድንጋይ የሚያጠኑ ሰዎች የመጡት ያኔ ነው፤ አንድ ፈረንጅና ከአዲስ አበባ የመጣ አስተርጓሚ። ገደሉን በመዶሻ ሲቀጠቅጡ ውለው እኛ ቤት አረፉ።

“ለዚህ ድንጋይ የመንደራችሁን ስም አውጥተንለታል። ጥንት የባሕር ወለል ነበር” አለ አስተርጓሚው።

የባሌ አባት ቄስ ናቸው። “የኖኅ ዘመን ውሃ ነዋ!” አሉ።

“ከዚያም ይርቃል፣ አባ። የማዶውም ገደል ይኸው ነው፤ ወንዙ ነው መኻል የገባው። ስማቸውም አንድ ነው። ነገ ተሻግረን እናየዋለን።”

ይህን ስሰማ ጠጋ አልኩ።

“የአንቺስ ስም ማነው?” አለኝ።

የባሌ እናት ቀደሙኝ። “ጥሩወርቅ ናት።” በሠርጌ ሰሞን፣ እዚህ ቤት ከገባሁ በኋላ ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ አገሩ እንዲያ ነው፣ ሙሽራ አማቷ ባወጣችላት ስም ትጠራለች። ይኸው ዛሬም መታወቂያዬ ላይ ጥሩወርቅ ነኝ።

አስተርጓሚውን እጁን ሳስታጥበው ጎንበስ ብዬ፣ “እናቴ እዚያ ማዶ መንደር ናት። መጥተሽ ውሰጂኝ አለች ብለው ይንገሩልኝ” አልኩት። የባሌ እናት ከጓዳ ብቅ ሲሉ ዘወር አልኩ። በማግስቱ ሲሄድ ይቺን ድንጋይ እጄ ላይ ጣል አደረገልኝ።

እናቴን ጠበቅኳት። ክረምት ገባ፣ ወንዙ ሞላ፣ ጎደለም። አልመጣችም። እናቴን ክፉኛ ተቀየምኳት።

ወንዙን የተሻገርኩት ለለቅሶዋ ነው። ከቀብር መልስ ጎረቤቷ፣ “ድንጋይ ቀጥቃጮች መጥተው ነበር እኮ፤ የጥሩወርቅ እናት የት ናት እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ” አለችኝ።

“እናቴ ጋስ?”

“እሷማ ደጇ ላይ አገኘቻቸው። ‘በዚህ አገር ጥሩወርቅ የምትባል የለችም፣ ልጆቼ’ ብላ ጠላ አጠጥታ ሸኘቻቸው።”