ስለ «ሱን» የዋሸሁት

ከክፍል ጠርተው ነው የወሰዱኝ። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር እንኳ አልጨረስኩም። መካነ ሰላም ከገበያው በላይ ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ገብስና ነቀዝ ይሸታል። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ ነው። አሥራ አንድ ሰዎች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። የእንግሊዝኛ መምህር መሆኔን ሲሰሙ፣ ከማሻ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ «ወላሂ፣ እንግዲያ ያስተምሩናል» አሉ።

በከሰል ግድግዳው ላይ እየጻፍኩ አስተማርኳቸው። ሁለት ወር ሙሉ «መምህር» ስባል ቆየሁ። በበሩ ስንጥቅ አየር የሚገባበትን ቦታ ለእኔ ተዉልኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አስተርጓሚው መጣ። የደጎሎ ሰው ነው፣ በዕድሜ እኩያዬ። መንገድ ሊቀይሱ ለመጡ ፈረንጆች ሲያስተረጉም ኖሯል፤ የታሰረውም በዚያው ነው። ሰዋስው አያውቅም፤ ሲናገር ግን ምላሱ አይደናቀፍም። እኔ ስምንት ዓመት ሳስተምር ከፈረንጅ ጋር አንድ ቀን አውርቼ አላውቅም።

የምርመራው ኃላፊ በየሳምንቱ በሩ ላይ ቆሞ «ጉዳያችሁ በቅርቡ ይወሰናል» ይለናል። አንድ ጠዋት እንደዚሁ ብሎን ሲሄድ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ይሄ ‹በቅርቡ› የሚሉት በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

«ሱን» አልኩ።

አስተርጓሚው ቀና አለ። «እሱ ቃል እኔ ዘንድ አለ» ብሎ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ሚስቱ ቆሎ ጠቅልላ የላከችበት ነው፤ ገበያ ላይ ለመጠቅለያ ከሚሸጥ አሮጌ መዝገበ ቃላት የተቀደደ ገጽ። ብርሃኑ ሥር ይዞ ፊደል ሲለቅም ሰንብቷል።

«ዱሮ ‹ሱን› ማለት ‹አሁኑኑ› ማለት ነበር ይላል» አለ። «ሰዉ ‹አሁኑኑ› እያለ ሲዘገይ፣ ሲዘገይ፣ ጊዜ አልፎ ቃሉ ራሱ ዘገየ።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «እንግሊዞችም መርማሪ ነበራቸው በሉኛ!» አሉ።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። በሁለት ወር ውስጥ እኔ አንድም ቀን እንደዚያ አላሳቅኋቸውም። «ሌላስ? ሌላ ቃል የለህም?» እያሉ ወደ እሱ ተጠጉ። ለእኔ ጀርባቸው ቀረኝ።

«ወንድሜ፣ ተሳስተሃል» አልኩት። «እንደዚያ ማለት ሆኖ አያውቅም።»

አልተቆጣም። «እንግዲያ መምህር ያንብቡልን» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ።

ብርሃኑ ሥር ይዤ አነበብኩ። ልክ እሱ እንዳለው ነበር። ጥንት «ወዲያውኑ» ማለት እንደነበረ፣ ቀስ በቀስ ትርጉሙ እንደላላ በግልጽ ተጽፏል። ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ቃል ነው፤ ይህን አላውቅም ነበር።

«‹በቅርቡ› ነው የሚለው» አልኩ። «ሌላ ነገር የለውም።»

አስተርጓሚው ትክ ብሎ አየኝ። «መምህር ካሉ እንግዲህ» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከኋላ አንዱ «ለካ ከራሱ ፈጥሮ ነው» ሲል ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ወደ ግድግዳዬ ተመለሱ። እሱን የሚጠይቀው ጠፋ። ቆሎ ሲመጣለት ግን እንደ ወትሮው ለሁሉም አደለ፤ የእኔንም መዳፍ ሞላልኝ። ቆሎውን ሳልበላ ኪሴ ከተትኩት።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዘቡ በሩን ከፍቶ ስሙን ጠራ። «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አለው። ወደ ቤት ይሁን፣ ወደ ደሴ ይሁን፣ ወደ ሌላ፣ አይነገርም። እሱ ሲነሳ እኔም ተነሳሁ።

«አንድ ጊዜ» አልኩት ዘቡን። «ለእነዚህ ሰዎች የምናገረው አለኝ።»

«ተቀመጥ!» አለኝ።

አልተቀመጥኩም። «ወረቀቱ እሱ እንዳለው ነው የሚለው» አልኩ። «አንብቤዋለሁ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቀንቼበት ነው።»

ሽማግሌው በቀስታ «ያረቢ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ መምህር» አለ አስተርጓሚው። «ማንበብ እኮ እችላለሁ። በሰው ፊት ላሳፍርዎ ስላልፈለግሁ ነው።»

ዘቡ ፍጠን እያለ ጮኸበት። እሱ ግን ጋቢውን አራት አድርጎ አጠፈ። ከሽማግሌው ጀምሮ አንድ በአንድ ትከሻ ስሞ ተሰናበተ። በመጨረሻ እኔ ዘንድ ሲደርስ አቅፎ ያዘኝ። ዘቡ በሩን እንደያዘ ጠበቀው።

እኔ በዓመቱ ተፈታሁ። እሱ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ የደጎሎ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ስለ እስሩ የሚጠይቁኝ ሰዎች መስማት የሚፈልጉት ስለ ግርፋቱ ነው። የተገረፈው እግሬ ከዳነ ቆየ። የማይለቀኝ ሌላ ነው፦ ሁላችንም ነፃነታችንን የተቀማን ሰዎች በነበርንበት ቤት፣ እኔ ደግሞ ከአንድ ሰው ቃሉን ቀምቼ ነበር። መለስኩለት። ዘግይቼም ቢሆን፣ ሰምቶት ሄደ።